ቱርቦ ያለውና የሌለው

አባቴን ፊት ለፊት «አንቱ» ነው የምለው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» እያልኩ ልጽፈው ነው። ይህችን ታህል እንኳ ልድፈረው።

የእህል ነጋዴ ነው። ቢቸና ገበያው ዳር ካሉት መጋዘኖች ትልቁ የእሱ ነው። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር፤ ሳይጨርስ ትቶት ወደ ጤፍ ንግድ ዞረ። ምላሱ ግን እዚያው ቅኔ ቤት እንደተሳለች ቀረች። ስለ ሰው የሚናገረው ነገር ሁለት ስለት አለው። በአንደኛው ስትስቅ ትቆይና ሁለተኛው እንደቆረጠህ የምታውቀው ቤትህ ገብተህ ነው።

እኔ የበኩር ልጁ ነኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ አስም አለብኝ። አንድ ክረምት ትንፋሼ ሲቆራረጥ በጭነት መኪና ጋቢና አቅፎኝ፣ በጭቃና በዝናብ ሞጣ ሆስፒታል አድርሶኛል። ይህን ውለታ እሱም አልረሳው፣ እኔም እንድረሳው አልፈቀደልኝም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያነሣዋል። «ይሄን ልጅ ሁለት ጊዜ ነው የወለድኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ በደንብ አልወጣም» ይላል። እንግዳው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ካልሳቅኩ ይብስብኛል።

ካደግኩ በኋላ ሰማያዊዋን የአስም መድኃኒቴን፣ ኢንሄለሯን፣ ኪሴ ሳልከት ከቤት አልወጣም። ትምህርቴን አጠናቅቄ እዚያው ቢቸና በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ የመኪና ጥገና አስተማሪ ሆንኩ። የራሴ ደሞዝ ነበረኝ። የምኖረው ግን በአባቴ ግቢ፣ ከዋናው በር አጠገብ ባለች ክፍል ነበር። ለምን ቶሎ አልወጣህም የሚለኝ ሰው አለ። በእኛ አገር ያላገባ የበኩር ልጅ ከአባቱ ቤት ሲወጣ ሰው የሚጠይቀው ልጁን አይደለም፣ አባቱን ነው። አባቴ ደግሞ እንዲጠየቅ አይወድም።

ነገሩ የተነሣው ለታናሽ ወንድሜ ሞጣ ውስጥ ሆቴል ያላቸው ሰው ልጅ ስትታጭለት ነው። ባለ ሆቴሉ ረጅም ነጭ መኪና ይነዳሉ። ከከፍታው የተነሣ ሲወጡበትም ሲወርዱበትም ሰው ይደግፋቸዋል። አባቴ ይህን አይቶ ከመጣ በኋላ እንቅልፍ አጣ።

«ከእሳቸው የሚረዝም ብገዛ ኮረጀ ይሉኛል» አለ። «እኔ የሚያጥር ነው የምፈልገው።»

እውነትም አጭር መኪና አፈላለገ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ደላላ የስፖርት መኪና እንዳለው ነገረው። በሩ ሁለት፣ ወገቡ መሬት ሊልስ የደረሰ፣ ቀለሙ ቀይ። ችግሩ ደላላው እጅ የነበሩት ሁለት መሆናቸው ነበር። በመልክ አይለዩም። አንዱ ግን ቱርቦ አለው፣ ሌላው የለውም።

አባቴ ወደ መጋዘኑ አስጠራኝ። ስሄድ ነጋዴዎች በጆንያ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል።

«ና እስቲ አስተማሪው» አለኝ። «ቱርቦ ማለት ምንድን ነው? ባጭሩ።»

«ከሞተሩ የሚወጣው ጢስ አንዲት ማራገቢያ ያሽከረክራል» አልኩ። «ማራገቢያዋ አየር አምቃ ወደ ሞተሩ ትሰዳለች። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል፤ ጉልበት ይጨምራል። ቱርቦ የሌለው ግን የሚያገኘውን አየር ራሱ ስቦ ነው የሚሠራው።»

«የትኛው ይሮጣል?»

«ቱርቦ ያለው። በተለይ እንደኛ ባለ ደጋ። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ያኛው ይደክማል።»

«እንግዲያው ቱርቦ ያለውን ግዛ ነው የምትለኝ።»

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን በዕድሜዬ አባቴ ምክር ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር። ደረቴ ሞቀ። የማውቀውን ሁሉ ልሰጠው ፈለግሁ።

«የለም አባባ፣ ቱርቦ የሌለውን ይግዙ» አልኩት። «ማደያው ሲደርቅ በጀሪካን የምንገዛው ቤንዚን ንጹሕ አይደለም። ቱርቦ ደግሞ ጥሩ ዘይት ይፈልጋል። ብዙ ሮጦ ሲቆም ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት አይቻልም፤ ጥቂት እየዞረ መብረድ አለበት። ቢበላሽ እዚህ አካባቢ የሚፈታው ሰው አላውቅም። ያኛው ቀስ ይላል እንጂ መንገድ ላይ አያዋርድዎትም።»

አባቴ ፊቱን ወደ ነጋዴዎቹ አዞረ።

«ሰማችሁ? በራሱ መተንፈስ ያቃተው ልጄ፣ በራሱ የሚተነፍሰውን ግዛ ይለኛል።»

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። አንደኛው ነጋዴ ከጆንያው ተንሸራቶ ወረደ። አባቴ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና ኪሴን በጣቱ ጠቆመ። «የእሱስ ቱርቦ እዚህ ውስጥ ናት። አንድ ጊዜ ሲነፋባት ዳገት ይወጣል።»

ከዚያ ቀን በኋላ ስሜ ተቀየረ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሲያዩኝ «ቱርቦ!» ይላሉ። ሠልጣኞቼ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ማራገቢያ ሥለውበት ከሥሩ «መምህር» ብለው ጽፈው አገኘሁ። በዳስተር አጠፋሁት።

ታኅሣሥ ላይ ደላላውና ሾፌሩ ሁለቱን መኪናዎች እየነዱ የዓባይን በረሃ አቋርጠው ቢቸና ገቡ። አባቴ የሠርግ ቀን ለመቁረጥ ሞጣ የሚሄድበት ሳምንት ነበር። «ሁለቱንም ሞጣ እንሂድባቸው፤ የሚቀድመውን እገዛለሁ» አለ። ቱርቦ ያለውን ወንድሜ ሊነዳው፣ አባቴ ከጎኑ ሊቀመጥ ሆነ። ቱርቦ የሌለውን «የመከረ ይንዳው» ተብሎ ለእኔ ተሰጠ። ደላላው አብሮኝ ሊሄድ ተስማማ፤ ሾፌሩ ደክሞት ስለነበር ቢቸና ቀረ።

መጋዘኑ ፊት ለፊት ሰው ተሰብስቦ ነበር። ገበያተኛውም ሥራውን ትቶ ያያል። ወደ መኪናዬ ልገባ ስል አባቴ መዳፉን ዘረጋ።

«አምጣት።»

«ምኗን?»

«ቱርቦህን። መኪናህ የለውም፤ አንተም አይኑርህ። ውድድር እኩል ሲሆን ነው ደስ የሚለው።»

ሰዉ ሳቀ። ቀልድ መስሎኝ እኔም ፈገግ አልኩ። መዳፉ ግን አልታጠፈም።

«አባባ፣ መንገድ ላይ ቢነሣብኝስ?»

«ሞጣ ስትደርስ ትወስዳለህ። ቶሎ ድረስ።»

ወንድሜን አየሁት። መሪውን ይዞ ወደ ፊት ያያል። አንድ ቃል ቢናገር አባቴ ይሰማው ነበር፤ የሚሰማው እሱን ብቻ ነው። አልተናገረም። ያ ሁሉ ሰው ፊቴን ያያል። የሠላሳ ዓመት ሰው ነኝ፣ ጢም አብቅያለሁ፣ አስተማሪ ነኝ። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ኮቱ ውስጥ ከተታትና ደረቱን መታ መታ አደረገ።

ተነሣን።

እውነት ለመናገር መኪናዋን ወደድኳት። ነዳጅ ስትሰጣት የሞተሩ ድምፅ በእኩል እያደገ ይወጣል፤ የምትጠይቃትን ያህል ትሰጥሃለች፣ አትጨምርም አትቀንስም። ሜዳው ላይ ከእነሱ ብዙም አልራቅኩም። ደላላው እንኳ ወሬውን አቁሞ «እጅህ ጥሩ ነው» አለኝ። ለጥቂት ጊዜ የምቀድም መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ረጅም ዳገት ሲመጣ ግን የፊተኛዋ መኪና እንደ ተወረወረ ድንጋይ ሄደች። እኔ ማርሽ ቀንሼ ብረግጥም ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይስብም። አባቴ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ ሲያውለበልብልኝ አየሁ።

ወቅቱ የአውድማ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፍ ይወቃል። ነፋሱ ገለባውንና አቧራውን አንሥቶ አስፋልቱ ላይ ያለብሰዋል። መስኮቱን ዘጋሁ፤ ቢሆንም በየቀዳዳው ገባ። መጀመሪያ ጉሮሮዬን በላኝ። ከዚያ ደረቴ ውስጥ ያቺ የማውቃት ፉጨት ጀመረች። እጄ ልማዱን አልተወምና ወደ ኪሴ ሄደ። ባዶ ነው።

«ምነው ወንድሜ?» አለ ደላላው።

መልስ መስጠት አልቻልኩም። አየር ማስወጣት አቃተኝ። አስም የሌለበት ሰው ችግሩ ማስገባቱ ይመስለዋል፤ አይደለም፣ ማስወጣቱ ነው። የሞላ ዕቃ ላይ ውኃ እንደመጨመር ነው።

«ኧረ መኪናውን እንዳታጋጭብኝ!» ብሎ መሪውን ያዘ። ዳር አስይዤ አቆምኩ። በሩን ከፍቼ ጉልበቴን ይዤ አጎነበስኩ። ደላላው ስልኩን አውጥቶ አባቴ ጋ ደወለና እኔም እንድሰማ ድምፁን ወደ ውጭ ለቀቀው።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ታሟል። ትንፋሹ ተቋርጧል። ያችን መድኃኒት ይዘው ይመለሱ።»

«የት ደርሳችኋል?» የአባቴ ድምፅ ነው።

«ደብረ ወርቅ ልንገባ ነው።»

«እኛማ ደብረ ወርቅን ካለፍን ቆየን» አለ አባቴ። «ንገረው፣ በራሱ ይተንፍስ። የተሻለ ነው ያለው እሱ ነው።»

ከዚያ ሳቅ ሰማሁ። የአባቴን ሳቅ ለምጄዋለሁ። ከሥሩ ግን ሌላ ሳቅ ነበር፤ ቀጭን፣ ሊታፈን የሞከረና ያመለጠ። የወንድሜ ነው። ስልኩ ተዘጋ።

ደላላው ወደ ጎን ገፍቶኝ ራሱ ነዳ። ደብረ ወርቅ ጤና ጣቢያ በር ላይ አውርዶኝ መኪናው ጋ ቀረ። ሰው ቀለሙን እንዳይነካበት ፈርቶ ነው። ግድግዳውን እየደገፍኩ ገባሁ።

ተረኛዋ ነርስ ከሌላ አካባቢ የተመደበች ነበረች፤ ከአነጋገሯ ያስታውቃል። ሲያዩኝ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ራሳቸው አሳለፉኝ። ነርሷ ከመድኃኒት ክፍሉ አንድ ኢንሄለር አመጣች። ባዶ የውኃ ፕላስቲክ አነሣችና ቂጡን በመቀስ በስታ ኢንሄለሯን ሰካችበት፤ በአፉ በኩል አስነከሰችኝ። «ሳብ። ያዘው። ልቀቀው። አትቸኩል።» ደጋግማ ነፋችልኝ። ከንፈሬ ደም ሲመለስበት ተሰማኝ። ላቡ ጀርባዬን አርሶታል።

ሲሻለኝ ተቆጣችኝ። «ሰው አስም እያለበት መድኃኒቱን ትቶ መንገድ ይወጣል? የት ጣልከው?»

«አልጣልኩትም። አባቴ ኪስ ውስጥ ነው።»

«አባትህም አስም አለባቸው?»

«የለባቸውም። ቀልድ ነው።»

«አባትህ ስንት ዓመታቸው ነው?» አለች።

ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ደግሞ እንደገና ፕላስቲኩን አስነከሰኝ። እንዳርፍ ብትለምነኝም ተነሣሁ። ካልሄድኩ በሞጣ ሰዎች ፊት ምን እንደሚባል አውቃለሁ።

ሞጣ ስንደርስ ምሳው ተጋምሷል። ሆቴሉ ግቢ ዳስ ተጥሏል፤ ባለ ሆቴሉና ዘመዶቻቸው፣ አባቴና ወንድሜ አንድ ገበታ ከበዋል። ቱርቦ ያላት ቀይ መኪና በሩ ላይ ቆማለች፤ ሰው ከቧታል። አባቴ ወሬውን ቀድሞ ጨርሶታል። ይህን ያወቅኩት እኔ ስገባ ሁሉም ወደ ደረቴ በማየታቸው ነው።

«ትልቁ ልጅዎ ይሄ ነው?» አሉ ባለ ሆቴሉ።

«ትልቁስ ያ ነው» አለ አባቴ ወንድሜን እያመለከተ። «ይሄ ቀድሞ ተወለደ እንጂ።»

ሳቁ። ተቀመጥኩ። የሙሽሪት ታናናሾች በዳሱ ውስጥ እየተባረሩ ይጫወታሉ። አንደኛዋ እጅ ላይ ሰማያዊ ነገር አየሁ። ኢንሄለሬ ናት። እንደ ሽቶ አንገቷ ላይ ትነፋለች፤ ከዚያ እህቷን ታባርርና ፊቷ ላይ ትነፋለች። አሁን ግን ከውስጧ የሚወጣ ነገር የለም፤ ቀጭ ቀጭ ብቻ ትላለች።

አባቴ ልጅቷን ጠርቶ ኢንሄለሯን ተቀበላት። ተነሥቶ መጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ቀላል ነበረች።

«ሞጣ ስትደርስ ትወስዳለህ ብዬህ የለ? ቃሌን ጠብቄያለሁ።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። «እንግዲህ አስተማሪው፣ አሁን ንገረኝ። የትኛውን ልግዛ?»

ወንድሜ ጣቶቹን ይቆጥር ጀመር። ብዙ ነገር አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ግን ለመናገር አየር ያስፈልጋል፤ የቀረችኝን ደግሞ ለአባቴ ላባክናት አልፈለግሁም።

«ቱርቦ ያለውን» አልኩ።

«ይኸው አመነ» አለና ወደ መቀመጫው ተመለሰ። የሠርጉ ቀን ተቆረጠ።

እዚህ ላይ አንባቢ መኪናው ተበላሽቶ አባቴ ሲዋረድ ልነግረው የመሰለው ካለ ይቅርታ። አልተበላሸም። አባቴ በጀሪካን ቤንዚን ነዳው፣ እንደ ጋለ አጠፋው፣ ዘይቱን ሲያሻው ቀየረው። መኪናዋ ግቢ ገብታ ሞተሯ ሲጠፋ በክፍሌ መስኮት እየሰማሁ ዛሬ ነው፣ ነገ ነው እል ነበር። ዝንፍ አላለችም። ከቢቸና ደብረ ማርቆስ፣ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ስትበር ከረመች። በመኪናው ነገር አባቴ ልክ ነበር። የተማርኩት ትምህርት ሁሉ እዚያች ቀይ መኪና ላይ አልሠራ አለ።

በዚያው ሰሞን ከግቢው ወጣሁና ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ጥር ላይ ወንድሜ አገባ። አልሄድኩም። የሠርጉ ዕለት ሞተር ፈታትቼ ዋልኩ። ማታ ላይ እጄን በናፍጣ እየታጠብኩ የሙሽሮቹ መኪናዎች ክላክስ እየነፉ ሲያልፉ ሰማሁ፤ አልወጣሁም።

አገሩ የተቆጣው በእኔ ነው። አባቴ ያደረገው ቀልድ ነው፤ ሰው ይቀልዳል። የወንድምን ሠርግ ረግጦ መቅረት ግን ቂም ነው። ገበያ ላይ ሴቶች ፊታቸውን አዞሩብኝ። አብረውኝ የሚያስተምሩት እንኳ «እንደው ለመታየት ያህል ብቅ ብትል ምን ነበረበት?» አሉኝ። በዓቢይ ጾም አጋማሽ ሽማግሌዎች መጡ። አለቃቸው የአባቴ የቅኔ መምህር የነበሩ የኔታ ናቸው። እሳቸው ስለመጡ እምቢ ማለት አልቻልኩም።

በአባቴ ግቢ ተሰበሰብን። የሆነውን ነገርኩ። ኢንሄለሯን፣ መንገዱን፣ ስልኩን፣ ሁሉንም። አንዱ ሽማግሌ «አባት ከልጁ ጋር ቢጫወት ጥፋት ነው?» አሉ። ሌላው «ሞተሃል እንዴ? ይኸው ቆመሃል» አሉ። የኔታ ምንም አላሉም። ተመካከሩና ጥፋቱ የእኔ ሆነ። ድንጋይ ተሸክሜ ከአባቴ እግር ሥር እንድወድቅ ፈረዱ።

ድንጋዩን የመረጠው ወንድሜ ነው። ትንሽ እንዲያመጣ ጠብቄ ነበር፤ ትልቅ አመጣ። አንገቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። አባቴ ጠላ ይዞ ተቀምጧል። አልቸኮለም። ተጎነጨ፣ ከንፈሩን ጠረገ፣ እንደገና ተጎነጨ። ደረቴ ማፏጨት ሲጀምር ዋንጫውን አስቀመጠና ተነሣ።

«ያለፈው አለፈ» አለ። «ከእንግዲህ በእኔ ቤት ልጄ ይቅር።»

«አሜን!» አሉ ሽማግሌዎቹ። «ይቅር ለእግዚአብሔር!»

ልጄ ብሎ ቢያርፍ፣ ከዚያ ይቅር ቢል፣ ይቅርታ ነበር። እሱ ግን መሀል ላይ አላረፈም። ልጄ ይቅር። ልጄ ይጉደል፣ አይምጣ፣ አይቆጠር። ቀና ብዬ የኔታን አየሁ። ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው በመቋሚያቸው ጫፍ አፈሩን ይጭራሉ። እኔም አሜን አልኩ፤ ድንጋዩ እንዲወርድልኝ ነው።

ከፋሲካ በኋላ አባቴ ሀብቱን በቁሙ አከፋፈለ። መጋዘኑ ለወንድሜ፣ ቤቱ ለእህቴ፣ የገጠሩ መሬት ለአክስቴ ልጆች ሆነ። የእኔን ስም ያነሣ የለም። ለምን ብሎ የጠየቀውን ሰው «ሽማግሌ ፊት ተናግሬ አሜን ተብሏል» አለው።

የኔታ ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«የኔታ፣ ያን ዕለት ምን እንዳለ ገብቶዎት ነበር?»

«ገብቶኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ፊታቸው ላይ ሐዘን ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። እንዲያውም የከንፈራቸው ጥግ ላይ የኩራት ነገር አየሁ፤ መምህር የተማሪውን ሥራ ሲያነሣ የሚያሳየው ዓይነት።

«ቅኔው ያምር ነበር ልጄ» አሉኝ። «ያማረ ቅኔ አይቋረጥም።»

ከዚያ ምሳ እንድቀምስ ለመኑኝ። ርቦኝ ነበር፤ ገብቼ በላሁ።